የሚሸነፈውን ለማየት መክፈል

የቺካጎው ኋይት ሶክስ የቤዝቦል ክለብ በ2024 ካደረጋቸው 162 ጨዋታዎች 121ዱን ተሸነፈ (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ1901 ወዲህ በአሜሪካ ታላላቅ ሊጎች ውስጥ በአንድ የውድድር ዘመን ይህን ያህል የተሸነፈ የለም፤ በ1962 120 ጊዜ የተሸነፈው ኒው ዮርክ ሜትስ እንኳ በአንድ ጨዋታ ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ መካከል ክለቡ 21 ጨዋታ በተከታታይ ተረትቷል። ይህ ሁሉ በየጋዜጣው ተጽፎ፣ በየቴሌቪዥኑ ተነግሮ፣ የማያውቀው ሰው ጠፍቶ ሳለ፣ በመስከረም ወር በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ሰዎች ትኬት እየገዙ ወደ ስታዲየሙ ይገቡ ነበር። እነዚህ ሰዎች የገዙት ምንድን ነው? ልማድ ነው፣ ትኬቱ ረክሷል፣ ምሽቱ ደስ ይላል፣ ልጆች ይወዱታል ብሎ መመለስ ይቻላል። እያንዳንዱ መልስ እውነት አለው። ይሁን እንጂ ልማድም የሚጀምርበት ምክንያት ይፈልጋል፤ ለመዝናናትም ቢሆን ሽንፈት ከማይታይበት ብዙ ቦታ መሄድ ይቻላል፤ ስለዚህ መልሶቹ ጥያቄውን ገፋ ያደርጉታል እንጂ አይፈቱትም። ይህን ጥያቄ ከልቤ ማውጣት ያቃተኝ ስለ ቤዝቦል ብቻ ስላልመሰለኝ ነው። ሰው ብድሩን ለማይመልስለት ነገር ለምን ደጋግሞ ይከፍላል የሚለው እንቆቅልሽ፣ ከዚህ የበለጠ ጠርቶ የሚታይበት ቦታ አላገኘሁም።

በመጀመሪያ ትኬቱ ራሱ ምን እንደሚል እንይ። ቀንና ሰዓት ይላል፤ በር፣ ረድፍና የወንበር ቁጥር ይላል። ስለ ውጤት ግን አንዳች ቃል የለበትም፤ ሊኖርበትም አይችልም። ውጤት አስቀድሞ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ሜዳው ላይ የሚሆነው ነገር ውድድር መሆኑ ይቀር ነበርና። እንግዲያውስ የአሸናፊ ክለብ ትኬትና የተሸናፊ ክለብ ትኬት በጽሑፋቸው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሚሰጡት ያልታወቀው ነገር ሲታወቅ በቦታው የመገኘትን መብት ነው። ይህ ትርጓሜ በመጀመሪያ ሲሰሙት ያረካል፤ ሲያስቡበት ግን ከእጅ ያመልጣል። ቡድኑ ከአራት ጨዋታ ሦስቱን እንደሚሸነፍ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው "ያልታወቀ ነገር ገዛሁ" ቢለን፣ ያ "ያልታወቀ" የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ሸክም ይችላል? ወይስ ገዢው ስም ሊሰጠው ያልቻለው ሌላ ነገር ከቃሉ በስተጀርባ አለ?

እዚህ ላይ የጨዋታው ጠባይ የሚለን አለ። በቤዝቦል ሽንፈት እንደ እግር ኳስ ሽንፈት አይደለም። ከሁሉ የበለጠው ክለብ እንኳ በዓመት ስልሳ ጊዜ ያህል ይሸነፋል፤ ከሁሉ ያነሰውም አርባ ጊዜ ያህል ያሸንፋል። በታሪክ መዝገብ የሽንፈት ምሳሌ ተደርገው የተጻፉት የ1962ቱ ሜትስና የ2024ቱ ኋይት ሶክስ 40 እና 41 ጊዜ አሸንፈዋል። በዚያ ላይ ጨዋታው የሚያልቅበት የተቆረጠ ሰዓት የለውም። የሚመራው ቡድን ኳስ ይዞ ደቂቃ መግደል አይችልም፤ ወርዋሪው ወደ መቺው መወርወር ግዴታው ነው፤ ተመሪውም 27ኛው አውት (የመቺ ከጨዋታ መውጣት) እስኪቆጠርበት ድረስ የመምታት ዕድሉን የሚነጥቀው የለም። ስምንት ነጥብ ተመርቶ፣ በመጨረሻው በዘጠነኛው ዙር፣ ሁለት አውት ከተቆጠረበት በኋላም መንገዱ በሕግ ክፍት ነው። ስለዚህ ገዢው የገዛው ዕድልን ነው፤ ትንሽ፣ ግን እውነተኛ ዕድልን። ይህ መልስ ለረጅም ጊዜ በቂ መስሎኝ ነበር። የሚያፈርሰው ግን ቺካጎ ራሷ ናት። በሰሜን በኩል ካብስ የሚባል ሌላ ክለብ አላት፤ በዚያው ዓመት 83 ጊዜ አሸንፏል። ሁለቱን ስታዲየሞች የሚያገናኘው አንድ የባቡር መስመር ነው። እጥፍ ዕድል በአንድ ባቡር ርቀት እያለለት ሰውየው የሚወርደው በኋይት ሶክስ ስታዲየም አጠገብ ባለው የ35ኛው ጎዳና ጣቢያ ነው። ዕድል ፈላጊ ቢሆን ኖሮ እስከ ሰሜን ይጓዝ ነበር። የሚፈልገው የራሱ የሆነውን ዕድል ነው ማለት ነው።

"የራሱ" ስንል ምን ማለታችን ነው? ክለቡ የእርሱ አይደለም፤ ሕጋዊ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ሊሸጠው፣ ወደ ሌላ ከተማም ሊወስደው ይችላል። ተጫዋቾቹም የእርሱ አይደሉም፤ ዛሬ በስማቸው የሚጮህላቸው በሚቀጥለው ሳምንት ለተቃራኒ ቡድን ሊጫወቱ ይችላሉ። የሚቀረው የመለያው ቀለምና የቦታው ስም ብቻ ነው። ገንዘብ ከፍሎ የራሱ ያደርገዋል እንዳንል፣ አንድ ሺህ ጊዜ ቢከፍልም ከክለቡ አንዲት ክር የእርሱ አትሆንም። ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ ስለከፈለ የእርሱ አልሆነም፣ የእርሱ ስለሆነበት ይከፍላል። በሌላው ግብይት ሁሉ ዋጋው ይቀድማል፣ ባለቤትነቱ ይከተላል። እዚህ ባለቤትነቱ ይቀድማል፣ ዋጋው ይከተላል፤ ያውም በውል ያልተጻፈ፣ ዳኛ የማያውቀው ባለቤትነት።

ለዚህ ዓይነቱ መገኘት በእኛ ኑሮ የሚቀርበው ለቅሶ መድረስ ነው። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሟቹን ሊያስነሣ አይሄድም፤ ሄዶ የሚለውጠው ነገር የለም። ገብቶ ይቀመጣል፣ እግዜር ያጽናችሁ ይላል፣ ይመለሳል። ባይሄድ ግን የሚጎድል ነገር አለ፤ የሚጎድለውም ከሐዘንተኛው ዘንድ ብቻ አይደለም፣ ከቀሪውም ነው። በመስከረም ምሽት ግማሹ ባዶ በሆነ ስታዲየም የሚቀመጠው ደጋፊም ስለ ውጤቱ ተጠይቆ የሚመልሰው የለውም፤ "አልቀርም" ከማለት በቀር። ነገር ግን ንጽጽሩን እስከ መጨረሻው ልንወስደው አንችልም። ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ ትኬት የሚቆርጥ የለም፤ በሞቱም የሚያተርፍ የለም። በሽንፈት ግን የሚያተርፍ ሊኖር ይችላል፤ ፍቅርን በተመለከተ የሚነሣው እውነተኛው ጭንቀት ከዚህ ይጀምራል።

የአሜሪካ ቤዝቦል እንደ አውሮፓ እግር ኳስ የመጨረሻውን ክለብ ወደ ታችኛው ሊግ አያወርድም። እንዲያውም አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾች ለክለቦች በሚከፋፈሉበት ሥርዓት ደካማው ቅድሚያ እንዲያገኝ ሲደረግ ኖሯል። ሐሳቡ የወደቀውን ለማንሣት ነበር፤ ውጤቱ ግን መውደቅን ስልት አደረገው። ሂዩስተን አስትሮስ በ2011፣ በ2012 እና በ2013 106፣ 107 እና 111 ጊዜ ተሸንፎ፣ በ2017 ዋንጫውን ወሰደ። ያ ዋንጫ በኋላ የተቃራኒ ቡድንን ምስጢራዊ ምልክት በመስረቅ ቅሌት ቢጎድፍም፣ የብዙ ክለቦች ሹማምንት ትምህርቱን ወሰዱ፤ ደመወዝ መቀነስ፣ የታወቁትን መሸጥ፣ ለጥቂት ዓመታት መሸነፍ። ቅድሚያው ከ2023 ወዲህ በዕጣ የሆነው ይህን ለመግታት ነው፤ 121 ጊዜ የተሸነፈው ኋይት ሶክስም በተከታታይ ዓመታት የዕጣው ተጠቃሚ መሆን ስለማይፈቀድለት በ2025 የመረጠው አሥረኛ ሆኖ ነው። ይህን የቢሮ ሒሳብ ያመጣሁት አንድ ከባድ ጥያቄ ስለሚወልድ ነው። አንደኛው ወገን ማሸነፍ የማይፈልግበት ጨዋታ ጨዋታ ነው ወይ? ጨዋታ የሚባለው ሁለቱም ወገን ለማሸነፍ ሲጥር ነው ካልን፣ ሽንፈቱ በቢሮ የታቀደበት ቡድን ትኬት የሸጠልን ጨዋታ ያልሆነውን ነገር ጨዋታ ብሎ ነው ማለት ነው።

መልሱን የሚያወሳስበው ሜዳው ነው። ሽንፈቱን ያቀደው ሰው መለያ ለብሶ አይወጣም። የሚወጣው በዝቅተኛው ደመወዝ የተቀጠረ፣ ምናልባት ይህ ዓመት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ዕድሉ የሆነ ወጣት ነው፤ እርሱ ለመሸነፍ ምንም ምክንያት የለውም። ኳሷን ሲያሳድድ በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል፤ ሲስት ፊቱ ላይ የሚነበበው እፍረት እውነተኛ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ የሚያየው፣ ሐቀኛ ባልሆነ ዕቅድ ውስጥ የታጠረ ሐቀኛ ጥረትን ነው። ገንዘቡ ግን ሁለቱን ሊለይ አይችልም። ለወጣቱ "ከአንተ ጋር ነኝ" ለማለት የከፈለው ዋጋ በባለቤቱ ጆሮ "በዚሁ ቀጥል" ተብሎ ይሰማል። አንድ ክፍያ፣ ሁለት ተቃራኒ መልእክት፤ ላኪው አንዱን ብቻ መርጦ የሚልክበት መንገድ ግን የለም።

እንግዲያው አይግዛ፣ ቤቱ ይቀመጥ ቢባልስ? ይህም ተሞክሯል። በ1899 የክሊቭላንድ ስፓይደርስ ባለቤቶች የሴንት ሉዊስንም ክለብ ገዝተው፣ ምርጥ ተጫዋቾቻቸውን ወደዚያ አዛወሩ፤ ዛሬ የምርጥ ወርዋሪዎች ሽልማት በስሙ የሚጠራው ሳይ ያንግ ከተወሰዱት አንዱ ነበር። የክሊቭላንድ ሰዎች ተቆጥተው ከስታዲየሙ ቀሩ። በዓመቱ በሜዳቸው የተገኘው ተመልካች በጠቅላላው ስድስት ሺህ ያህል ብቻ ነበር። ከመግቢያው የሚደርሳቸው ድርሻ የጉዞ ወጪያቸውን ስላልሸፈነ ሌሎቹ ክለቦች ወደ ክሊቭላንድ መምጣት እምቢ አሉ፤ ስፓይደርስም 42 ጨዋታ ብቻ በሜዳው፣ 112 ደግሞ በሰው አገር ተጫወተ። በመጨረሻ 20 አሸንፎ 134 ተሸነፈ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ክለቡ አልነበረም። ሕዝቡ መቅረቱ ትክክል ነበር፤ በደል ተፈጽሞበታልና። ይሁን እንጂ መቅረቱም እንደ መግዛቱ የሚቀጣውን መለየት አልቻለም፤ ባለቤቶቹ ሴንት ሉዊስ ላይ ክለባቸውን ይዘው ቀጠሉ፣ የጠፋው ክሊቭላንድ ነው። መገኘት ካልተናገረልን፣ መቅረትም ካልተናገረልን፣ ለተበደለ ወዳጅ የቀረው ቋንቋ የትኛው ነው?

ኦክላንድ በ2023 የሰጠችው መልስ እስካሁን የሚያስደንቀኝ ነው። የኦክላንድ አትሌቲክስ ባለቤት ጆን ፊሸር ክለቡን ወደ ላስ ቬጋስ ለመውሰድ ሲነሣ ቡድኑ ተራቁቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት 112 ጊዜ ተሸንፏል። ከባለቤቱ ወገን ይሰማ የነበረው ክርክር ከተማዋ ክለቧን አትደግፍም፣ ስታዲየሙ ባዶ ነው የሚል ነበር። ደጋፊዎቹ መቅረታቸው ለባለቤቱ ማስረጃ እንደሆነለት ተገነዘቡ፤ ስለዚህ ተቃውሟቸውን በመምጣት አደረጉት። ሰኔ 13 ቀን 27,759 ሰው ኮሊሲየም ወደሚባለው ስታዲየም ገባ፤ ብዙዎቹ "ሽጥ" የሚል ቃል የታተመበትን አረንጓዴ ካናቴራ ለብሰው ነበር። ምሽቱን ሙሉ "ቡድኑን ሽጥ" እያሉ ጮኹ። በዚያው ምሽት ቡድኑ በወቅቱ በሊጎቹ ሁሉ ምርጥ ውጤት የነበረውን ታምፓ ቤይ ሬይስን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በተከታታይ ሰባተኛ ድሉ ነበር። ክለቡም የዕለቱን የትኬት ገቢ፣ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ፣ ለምግብ ባንክና ለትምህርት በጎ አድራጎት ሰጠ። ይህን ስጦታ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ገንዘቡን መስጠት ደግ ሥራ ነው፤ ግን ባለቤቱ ዋጋውን ሲመልስ መልእክቱንም መመለሱ ይመስለኛል፤ "ከእናንተ ምንም አልወሰድኩም፤ ስለዚህ የምትጠይቁኝ ነገር የለም" እንደ ማለት። ደጋፊዎቹ የተናገሩት ግን ተሰምቷል፤ ምክንያቱም የዚያን ዕለት ትኬት ከገንዘቡ የተነጠለ ቃል ሆኖ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ቀን የኔቫዳ ክፍለ ግዛት ሴኔት ለላስ ቬጋሱ ስታዲየም የሕዝብ ገንዘብ የሚመድበውን ሕግ አጸደቀ።

ከዚህ ጋር የሚፋጠጥ ሌላ ዓይነት ገዢም አለ። በ2024 መስከረም መጨረሻ ኋይት ሶክስ 120 ሽንፈት ቆጥሮ ሎስ አንጀለስ ኤንጀልስን በሜዳው ሲያስተናግድ፣ 121ኛውን በዓይናቸው ሊያዩ ትኬት የገዙ ነበሩ። የታሪክ መዝገብ ሲጻፍ በቦታው ነበርኩ ለማለት የፈለጉ አሉ፤ የባለቤቱ እፍረት ሙሉ እንዲሆን የተመኙም አሉ። ይህ ክህደት ነው ወይ? አይመስለኝም። ደጋፊ የራሱን ቡድን ሽንፈት የሚመኘው፣ መሸነፉ ራሱ ሊደበቅ የማይቻል ቁጥር እንዲሆንለት ሲፈልግ ነው፤ ማንም ባላመነለት ሕመም ላይ ምስክር ይጠራል። ግን ምኞቱ ምን ያህል የተቀደሰ ቢሆን ሜዳው አልታዘዘለትም። ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ አሸነፈ፤ 121ኛው ሽንፈት የመጣው በማግሥቱ በዲትሮይት፣ በሰው ሜዳ ነው። ሽንፈት ሊያይ የገዛ ሰው ድል አይቶ ተመለሰ። ድል ሊያይ የገዛ ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሽንፈት አይቶ ተመልሷል። ትኬት ውጤትን ሊሸጥ እንደማይችል ያን ሳምንት ቺካጎ ላይ ከታየው የበለጠ ማስረጃ አላውቅም፤ ለመሸነፍ የተዘጋጀ ቡድን እንኳ ለሽንፈት ዋስትና መስጠት አልቻለም።

ወደ ኦክላንድ ልመለስ። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ በቴሌግራፍ ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። ከአገር ቤት የመጣ አባት ቤዝቦል የማያውቅ፣ ማወቅም የማይፈልግ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ የተወለደው ልጁ ግን፣ ክለቡ በከተማዋ ሳለ፣ የአትሌቲክስን አረንጓዴና ወርቃማ ኮፍያ አድርጎ ትኬት ግዛልኝ ይለው ነበር። ይህ አባት ለእኔ ከሁሉ የጠራው ገዢ ነው። ድል አያጓጓውም፣ ሽንፈት አያሳፍረውም፣ የ1972፣ የ1973፣ የ1974 እና የ1989 ዋንጫዎች ለእርሱ ምንም አይነግሩትም። የገዛው ልጁ "የእኛ" ሲል ከልጁ አጠገብ የመቀመጥን መብት ነው። ከላይ የፈለግነው ያልተጻፈ ባለቤትነትም የሚወለደው በዚህ መንገድ ይመስለኛል፤ ማንም ለራሱ አይገዛውም፤ ሌላው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ሲያዝን አይቶ ይወርሰዋል። ድል ለዚህ ውርስ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ድል ማንንም መጤ ስለሚሰበስብ የማን ልብ የማን እንደሆነ አይለይም። በሽንፈት ዘመን ወንበሩ ላይ የቀረው ሰው ግን ይታወቃል።

ስለዚህ ፍርዴን ልስጥ። የሚሸነፍ ክለብ ትኬት የሚገዛ ሰው የሚገዛው የምስክርነት ቦታን ነው። የማንም ያልሆነ ሽንፈት ቁጥር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው "የእኔ ሽንፈት ነው" ብሎ ሲቀበለው ግን የወጣቱ ሩጫም፣ የባለቤቱ ጥፋትም ትርጉም ያገኛል። ምስክር ደግሞ ዝም እንዲል አይጠበቅበትም፤ ከፍሎ የገባ ሰው የመውቀስ ሙሉ መብት አለው፤ ወቀሳውም ከቤቱ ሆኖ ከሚወቅሰው ይከብዳል። ፍቅሩ እየተበዘበዘ ነው የሚለውን ክስ እቀበላለሁ፤ ግን ክሱ የሚነበበው በበዝባዡ ላይ ነው፤ በወዳጁ ላይ አይደለም። ባለዕዳው ባለቤቱ ነው፤ ዕዳውም ለምግብ ባንክ ተሰጥቶ የሚሰረዝ አይደለም። እውነት ነው፣ በኋላ ክለቡን ያጣችው ኦክላንድም በ1968 ያገኘችው ከካንሳስ ሲቲ ተወስዶላት ነው፤ ያኔም ያዘኑ ነበሩ። ይህ የኦክላንድን ኪሳራ አያቀልም፤ የካንሳስ ሲቲውን ግን ያስታውሰናል።

መስከረም 26 ቀን 2024 አትሌቲክስ በኮሊሲየም የመጨረሻ ጨዋታውን አደረገ። 46,889 ሰው ትኬት ገዛ፤ ቡድኑም ቴክሳስ ሬንጀርስን 3 ለ 2 አሸነፈ። ከ2025 ጀምሮ ክለቡ ሳክራሜንቶ ውስጥ 14 ሺህ ያህል ሰው በሚይዝ የታችኛው ሊግ ስታዲየም ይጫወታል፤ ላስ ቬጋስ እስኪገባም ድረስ አትሌቲክስ ብቻ ይባላል፤ በስሙ ላይ የከተማ ስም የለም።